ውለታ የማይቆጥር ጆሮ

«ለማውራት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል?» ልጅቱ ሳይኮሎጂስት ጋ መሄድ መጀመሯ በተሰማበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ ከአንዱ አጎት ወይም ከአንዷ አክስት አፍ አይጠፋም። የዘመኑ ሰዎች ኋላ ቀር ጥያቄ ነው ብለው ፈገግ ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ስለ ቴራፒ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ጎረቤት እያለ፣ ዘመድ እያለ፣ የነፍስ አባት እያለ፣ የማያውቁትን ሰው በሰዓት ለመከራየት ቀጠሮ ማስያዝ በእርግጥም እንግዳ ነገር ነው። የሚሸጠው ምንድን ነው? ምክር ከሆነ በነጻ ሞልቷል፤ ከሚፈለገውም በላይ ሞልቷል። ጥበብ ከሆነ ትናንት ማስተርሱን ከጨረሰ ወጣት ይልቅ ሰባ ዓመት የኖረች ባልቴት ትሻላለች። ፍቅር ከሆነ ደግሞ በሰዓት የሚገዛ ፍቅር ሌላ ስም አለው።

የሰው ጭንቀት በንግግር ይታከማል የሚለው ሐሳብ ወደ ሐኪም ቤት የገባው ቪየና ላይ ነው፤ ከ1880 እስከ 1882 ባለው ጊዜ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሐኪሙ ዮሴፍ ብሮየር ነበር፤ ታማሚዋ ደግሞ በኋላ «አና ኦ.» በሚል ስም የታወቀችው ቤርታ ፓፐንሃይም። ዘዴው የሐኪሙ ብልሃት ይመስለናል እንጂ ያመጣችውስ እሷ ናት። ብሮየር ሊያያት በመጣ ቁጥር ያስጨነቃትን ታወራለታለች፣ አውርታ ስትጨርስ ይቀላታል፤ እሱም መስማቱን ቀጠለ። ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ ታሪኩን በ1895 ሲያሳትሙ ፈጽማ የዳነች አስመስለው ነበር። እውነቱ ግን ከብሮየር እጅ እንደወጣች ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳናቶሪየም ገብታ ተኝታለች። ከዚያ ተነሥታ የጀርመን አይሁድ ሴቶችን ማኅበር በ1904 መሠረተች፤ ቀሪ ዕድሜዋንም ለሴቶችና ለሙት ልጆች ስትሠራ ኖረች። ሙያው ገና ከመነሻው ስለ ራሱ አጋንኖ የመናገር ዐመል እንዳለበት ማስታወስ አይከፋም።

ስለ ገንዘቡ ያለ ይሉኝታ የጻፈው ፍሮይድ ነው። በ1913 ሕክምናው እንዴት እንደሚጀመር ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያስረዳ እያንዳንዱ ታካሚ ከሐኪሙ የሥራ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ይከራያል ይላል፤ መጣም ቀረ የሰዓቱ ኪራይ የእሱ ዕዳ ነው። የሠለጠነ የሚባል ሰው ገንዘብን የሚያየው ወሲብን በሚያይበት ዓይን እንደሆነም ይታዘባል፦ በሽፍንፍን፣ በዕፍረትና በግብዝነት። ስለዚህ ታካሚው ስለ አልጋው ጉዳይ በግልጽ እንዲናገር የሚፈልግ ሐኪም ስለ ዋጋው በግልጽ ተናግሮ ራሱ ይጀምር ባይ ነው።

በዚህ ቢያበቃ የነጋዴ ብልጠት ብለን እናልፈው ነበር። ቀጥሎ የሚነግረን ተሞክሮ ግን ሌላ ነው። ለዐሥር ዓመት ያህል በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ለነጻ ሕክምና መድቦ ሠርቷል። ገንዘብ ከመካከል ከወጣ ሥራው እንቅፋት አይገጥመውም ብሎ ነበር ያሰበው። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የታካሚዎቹ እምቢታ ባሰ። በተለይ ወጣቶቹ ወንዶች ሐኪሙን የማመስገን ግዴታው ከበዳቸው፤ ከአባታቸው ጋር የነበራቸው ግብግብ ዞሮ በሐኪሙ ላይ መጣ። ያልተከፈለው ገንዘብ ከክፍሉ አልወጣም። መልኩን ቀይሮ ተቀመጠ።

ይህን ዕዳ እኛ ከፍሮይድ በተሻለ እናውቀዋለን፤ ውለታ ነው። ኑሯችን የቆመው በውለታ ነው። ማን ለቅሶ ደረሰ፣ ማን ቀረ፣ በታመምኩ ጊዜ ማን ጠየቀኝ፣ ለልጄ ሰርግ ማን ምን ያህል ደገፈኝ፤ ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ይመዘገባል። እድሩማ ስም ይጠራል፤ የቀረውን ይቀጣል። ብድሩን የማይመልስ ሰው ሰው አይባልም። ይህን የምለው ለማጥላላት አይደለም። መድንም ጡረታም ለብዙው ሰው በማይደርስበት አገር ሰው ሰውን ይዞ ክፉ ቀን ያሻገረው በዚሁ ሒሳብ ነው። ችግሩ፣ ጭንቅን መስማትም እዚያው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው።

ረከቦቱ ዙሪያ ሁለት ጎረቤታሞች ተቀምጠዋል እንበል። ቶናው ሊቀዳ ነው። አንደኛዋ እንቅልፍ እንቢ ካላት መሰንበቱን፣ ደረቷ ላይ አንዳች ነገር ተጭኗት እንደምታድር ማውራት ጀመረች። «አይ እናቴ፣ እኔስ ብትዪ!» አለች ሁለተኛዋ። ከዚያ በኋላ የተወራው ስለ ሁለተኛዋ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ችግርን በችግር መመለስ ደግነታችን ነው፤ ብቻሽን አይደለሽም ማለት ነው። ደግሞም ሒሳቡ እዚያው ይወራረዳል። ገመናዋን ሰጥታ ገመና ተቀበለች፤ ከእንግዲህ አንዷ የሌላዋን ብታወጣ የራሷም ይወጣል። በረካው ሲጠጣ ሁለቱም ቀለል ብሏቸዋል። የመጀመሪያዋ ሴት እንቅልፍ ወዴት እንደሄደ ግን የጠየቀ የለም።

ሐዘን ስም ሲኖረው እኛን የሚያህል አልቃሽም አጽናኝም የለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም፤ አስለቃሿ የሟቹን ሙያ እየጠራች ያላለቀሰውን ሁሉ ታስለቅሳለች። ከዚያ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ ቀን ይቆረጥለታል። ይህን ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሰብስበው እንፍጠር ቢሉ አይሆንላቸውም። ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን ግን አለ። በአራተኛ ወሯ ጽንሱ የወረደባት ሴት ሐዘን። በልጅነቱ የቅርብ ዘመድ እጅ ያረፈበት፣ ዛሬ ከዚያ ዘመድ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ሐዘን። ትዳሯ ሳይፈርስ ያለቀባት። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር የተሠራ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና የተመለሰች። ምንም ሳይጎድለው፣ እሱም ምንም እንዳልጎደለው እያወቀ፣ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ያቃተው። ለእነዚህ ሰው አይሰበሰብም። ቢሰበሰብስ ምን ብሎ ያጽናናል? «አይዞህ፣ ያልፋል»፣ «ጸሎት አድርጊ»፣ «ባንቺ አልተጀመረም፣ ቻዪው»። ሁሉም ከፍቅር የሚባል ነው፤ ሁሉም በሩን ይዘጋል።

የነፍስ አባትስ? ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። የነፍስ አባት ምስጢር እንዲጠብቅ ሥርዓቱ ያስገድደዋል፤ ለጆሮው ዋጋ አይጠይቅም፤ አንገቱን የደፋ ሰው ሲናገር መስማት ከፍሮይድ ሶፋ በብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የሚያውቀው ሥራ ነው። (ፍሮይድ ከታካሚው ራስጌ በስተኋላ የተቀመጠበትን አንዱን ምክንያት ሲናገር፣ በቀን ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሰው ዓይኑን ሲተክልበት መዋል አልችልም ብሏል። ሳይታዩ መናገር ሳያዩ ከመስማት ጋር እንደሚሄድ አባቶቻችን በነጠላቸው ያውቁት ነበር።) ነገር ግን የነፍስ አባት የቤት ሰው ነው። የእናትንም የአባትንም ንስሐ የሚሰማው እሱ ነው፤ በበዓል መጥቶ ጸበል ይረጫል፣ ማዕድ ይባርካል። ጎረምሳው ልጅ ምስጢሩን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት ከፊቱ ያለው አባቱ የተናዘዙበት ጆሮ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ንስሐ ኃጢአትን የሚሻ መሆኑ ነው። ያደረግሁትን ለመናገር የተሠራ ቦታ የተደረገብኝን ለመናገር ላይመች ይችላል። የተደፈረች ልጅ ምን ብላ ትናዘዛለች? ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ቀኖናው የተሠራው ለበደለ ሰው ነው፤ ተበዳይዋ ተቀብላው ብትወጣ በደሉን የራሷ አድርጋ ትወጣለች። አስተዋይ የነፍስ አባት ይህን ይለያል። አስተዋይ ያልሆነም አለ። ነገሩን ብንገለብጠው ደግሞ ቴራፒስቱ ባዶ እጁን ይቀራል። በእውነት የበደለ ሰው አለ፤ ወንድሙን የካደ፣ ልጁን የጣለ። እሱ የሚፈልገው «ይህ ምን ስሜት ፈጠረብህ?» መባልን ሳይሆን «እግዚአብሔር ይፍታህ» መባልን ነው። ይህን ቴራፒ የለውም። ጥፋተኝነትን ሁሉ እንደ ምልክት ቆጥሮ ሊያረግፍ የሚሞክር ባለሙያ ከሙያው ድንበር አልፎ የሰው ርስት ገብቷል እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ እንግባ። አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ጊዜ ከፎቁ በታች ባንክ ወይም ፋርማሲ አለ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ የሚገባውም ሰው ደረጃው ላይ የሚያውቀው እንዳይገጥመው ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚገባው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ሳይፋጠጡ ጎን ገደም ብለው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ። ሰዓቱ ባለሙያው አንገቱን ሳያዞር በሚያይበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰዓት ቢባልም ሃምሳ ደቂቃ ነው። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያወሩት አንድ ነገር አለ፤ ሰውየው አርባ አምስት ደቂቃ ስለ አለቃው፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሚስቱ ዘመዶች አውርቶ አውርቶ፣ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ዞር ይልና «አንድ ነገር ሳልነግርህ፣ ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ገዝቼ አስቀምጫለሁ» ይላል። ዋናው ነገር የተነገረው መውጫው ላይ ነው፤ ከተናገረው በኋላ ማምለጥ ስለሚችል። ጀማሪ ባለሙያ ይደነግጣል። የበሰለው «ተመለስና ተቀመጥ» ይለዋል፤ የዚያን ቀን ሃምሳ ደቂቃው አይቆጠርም።

በክፍሉ ውስጥ የሚደረገው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ተመራማሪ ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር የተባለ ልጅ ከጥንቸል ፍርሃት እንዴት እንደተላቀቀ ጻፈች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉ በሽቦ ሣጥን ሆኖ ከክፍሉ ዳር ይቀመጣል፤ በሌላ ቀን ትንሽ ይጠጋል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን ይዳብስ ጀመር። ስለ እናቱ የጠየቀው የለም፤ ሕልምም አልተፈታም። ዛሬ አሳንሰር ለሚፈራ፣ እጁን በቀን መቶ ጊዜ ለሚታጠብ ሰው የሚሰጠው ሕክምና የዚህ ዘር ነው፤ የሚፈሩትን ነገር በመጠን በመጠኑ እየቀረቡ ሳይሸሹ መቆየት። እንዲህ ያለ ፍርሃት የያዘው ሰው ልጅነቱን ለዓመታት ሲያወራ ከሚኖር እዚህ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

የፊላዴልፊያው አሮን ቤክ የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ ነበር። በ1960ዎቹ የተደበሩ ሰዎችን ሲመረምር ግን በልባቸው የተቀበረ ቁጣ ፈልጎ ያገኘው ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳያስተውሉት ለራሳቸው የሚያወሩት ክፉ ወሬ። ከዚያ የመጣው ሕክምና ወረቀት አለው፤ ወረቀቱም ዓምዶች አሉት። አንደኛው ላይ የሆነውን ትጽፋለህ፦ «ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፣ አላነሣችም።» ሁለተኛው ላይ ወዲያው በልብህ ያለፈውን፦ «ሰልችቻታለሁ፤ ማንም አይፈልገኝም።» ሦስተኛው ላይ ስሜቱንና ከመቶ ስንት እንደሆነ፦ «ኀዘን፣ 80።» ቀጥሎ ለዚህ ሐሳብ ምን ማስረጃ አለህ፣ የሚቃረነውስ ምንድን ነው ትባላለህ። ሥራ ላይ ናት፤ ትናንት ራሷ ነበረች የደወለችው። መጨረሻ ላይ ቁጥሩን እንደገና ስትጽፈው 80 የነበረው 40 ይሆናል። ከቤክ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1955 ተመሳሳይ መንገድ የጀመረው አልበርት ኤሊስ ሥሩን ከባሪያው ፈላስፋ ከኤፒክቴተስ እንዳገኘው አልደበቀም፤ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው የሚለውን ትምህርት። ትምህርቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። ቤቱ ፈርሶበት ወደማያውቀው ሰፈር ለተወሰደ ሰው ስለ ቤቱ ያለውን አስተያየት እንዲመረምር ወረቀት ሲሰጡት ግን እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ።

ካርል ሮጀርስ ደግሞ ወረቀትም፣ የቤት ሥራም፣ ትርጓሜም የለውም። በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ለሰው ለውጥ የሚያስፈልገው ቴራፒስቱ ሳያስመስል ራሱን ሆኖ መቅረቡ፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉና ዓለሙን ከውስጥ ሆኖ ለማየት መቻሉ ነው አለ። ምክር እየጎረሰ ላደገ ሰው ይህ ያናድዳል። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ሲለው «ምን እንደምታደርግ አለማወቅህ አስጨንቆሃል» ብሎ ይመልስለታል። ከፍሎበት የወጣ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

ታዲያ የትኛው ያድናል? በ1952 ሃንስ አይዘንክ ሁላችሁም አትረቡም የሚል ጽሑፍ ወረወረ፤ ከታመሙት ሁለት ሦስተኛው ሕክምና ባያገኙም ይሻላቸዋል ብሎ። ክርክሩ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ሲያሰሉ፣ ሕክምናውን ካገኙት መካከለኛው ሰው ካላገኙት ከ75 በመቶው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በመንገዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ያን ሁሉ ጠብ የሚያህል አልሆነም። ይህን ገና በ1936 የጠረጠረው ሳውል ሮዘንዝቫይግ ሲሆን፣ በልጆች ተረት ውስጥ ሩጫውን ሁሉም አሸንፏል፣ ሁሉም ይሸለም ብላ የፈረደችውን ወፍ ጠቅሶ ቀልዶባቸው ነበር። ታዲያ የሚያድነው መንገዶቹ የሚጋሩት ነገር ቢሆንስ? ብዙዎቹ አጥኚዎች በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው መተማመን ነው ይላሉ። እኔ ከዚያ በፊት የሚመጣ አንድ ነገር አለ ባይ ነኝ። መተማመኑ እንዲህ በአጭር ጊዜ፣ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚፈጠረው፣ የሚሰማው ሰው በኋላ በተናጋሪው ሕይወት ውስጥ ቦታ ስለሌለው ነው። አይመጣም፣ አይጠራም፣ ብድር አይጠብቅም። ገንዘቡ የጆሮው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ጆሮው ከሰዓቱ በኋላ እንዳይከተል የሚከፈል ነው።

ይህ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በደንብ የሚታየው በስደት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ሴት እንበል፤ እንግሊዝኛዋ ለሥራ ይበቃል፣ ለልቅሶ አይበቃም። ክሊኒኩ አስተርጓሚ አቀረበላት። አስተርጓሚዋ ገና «እንደምን ነሽ» ስትል ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ለሴትዮዋ ገባት። የዚያን ቀን ያወራችው ስለ ራስ ምታት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ስቴት የሚናገር፣ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ የሚናገር ሰው ጠየቀች። ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንዳንዱን ቃል ይስታል። እሷ ግን ስለ ባሏ እጅ የተናገረችው ለዚያ ቁጥር ነው። ከአንድ ወንዝ መጠጣታችን የምንጽናናበትን ያህል የምንታፈንበትም ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ለሚከፍል ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ ስሙን ሰው ለስድብ እስኪጠቀምበት ድረስ። ዛሬ ከዚያ ሌላ በር ተከፍቷል፤ በሩ ግን በሳምንት አንዴ ሲሆን ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ጋር የሚጋፋ ወጪ ነው። ውለታን የሚያነሣው ገንዘብ፣ ገንዘብ የሌለውን ያስወጣል። ፍሮይድም ይህን አላጣውም። በመስከረም 1918 ቡዳፔስት ላይ ባደረገው ንግግር ድሃው ለሕይወቱ የቀዶ ሕክምና መብት እንዳለው ሁሉ ለነፍሱም እርዳታ መብት አለው የሚባልበት ቀን ይመጣል፣ ሕክምናውም በነጻ ይሰጣል አለ። ከአምስት ዓመት በፊት በነጻ ሞክሬው አልሆነም ያለው ሰው ነው። ተከታዮቹም አልጠበቁም፤ ማክስ አይቲንጎን በአብዛኛው ከኪሱ ባወጣው ገንዘብ በ1920 በርሊን ላይ ክሊኒክ ከፈተ፤ ቪየና በ1922 ተከተለች። ሁለተኛውን ናዚዎች በ1938 ዘጉት።

የእኔን ሐሳብ በብርቱ የሚፈትነው ግን ሀራሬ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ ለአገሩ በሙሉ በጣት ከሚቆጠሩ ሳይካትሪስቶች አንዱ ነበር። አንዲት ወጣት ታካሚው ሆስፒታሉ ድረስ የምትመጣበት የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ ቀርታ ራሷን አጠፋች። እሱም በ2006 ምባሬ በሚባለው የድሃ ሰፈር ከዐሥራ አራት አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የሚቀመጡት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። የሚመጣው ሰው አይከፍልም። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2016 የታተመው ጥናት፣ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ እንደተሻላቸው አሳየ። ገንዘብ የለም፣ እንግዳ ሰውም የለም፤ ግን ሠራ።

ይህን ሳስበው ሐሳቤን መጣል የለብኝም፤ ማረም ግን አለብኝ። አያቲቱ እዚያ የተቀመጠችው ጎረቤት ሆና አይደለም። ጤና ጣቢያው አስቀምጧት ነው፤ ሠልጥናለች፤ የምትከተለው ሥርዓት አለ። ሰውየው ችግሮቹን ይዘረዝራል፣ አንዱን ይመርጣል፣ ለዚያ አንድ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ያቅዳል፣ በቀጠሮው ይመለሳል። «እኔስ ብትል» አትለውም። ከአግዳሚው ስትነሣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቪየና በገንዘብ የሠራችውን አጥር ምባሬ በአግዳሚ ሠራችው።

ወደ እኛ ስናመጣው ብዙ ሰው የሚያስበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ነው፤ በየቀበሌው አሉ፣ በየቤቱ ይገባሉ፣ ይታመናሉ። ቤት መግባታቸው ግን ለክትባትና ለመጸዳጃ ቤት ጉዳይ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ምራቲቱ ሆዷን የባሳትን ልትናገር ስትጀምር አማቲቱ ከጓዳ እየሰማች ነው። አግዳሚው ከቤት ውጭ መሆኑ ላይ ነው ነገሩ። ደግሞም ለሰፈር አያት የማይነገር ጉዳይ ይኖራል፤ አያቲቱ ምንም ያህል ብትሠለጥን። ለእሱ እንግዳ ሰው ያስፈልጋል፤ እንግዳ ሰው ደግሞ ኪራይ አለበት።

ስለዚህ በከተማችን ያሉ የግል ባለሙያዎች ለማይከፍል ሰው ሰዓት መመደብ ሲያስቡ፣ አንዳንዶቹም ያደርጉታል፣ ሙሉ በሙሉ በነጻ ባያደርጉት እመርጣለሁ። በርሊን ላይ ታካሚው የቻለውን ይከፍል ነበር፤ ምንም የሌለው ብቻ በነጻ ይታከማል። ሃምሳ ብር ትሁን። ባለሙያዋን ሃምሳ ብር አያኖራትም፤ የምትሠራው ለባለሙያዋ አይደለም። በዚህ ሙያ ልማድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ታካሚው ካልቀደመ ባለሙያው ሰላም አይልም። ሰላምታ መንፈግ ነውር በሆነበት አገር ሃምሳ ብሯን ከፍላ የወጣች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ያስለቀሳትን የምታውቅ ሴት ፒያሳ ላይ ብታገኛት፣ አይታ እንዳላየች ማለፍ ትችላለች። ቅር የሚለው አይኖርም።